ጓሩልዮስ (ትኬቱ ላይ «ሳኦ ፓውሎ» የሚለው)፦ በረጅም ትራንዚት ከኤርፖርት መውጣት ያዋጣል?

መንገደኛ_11፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከአዲስ አበባ ሳኦ ፓውሎ፣ ከዚያ በሌላ አየር መንገድ ወደ ሳንቲያጎ ለሚቀጥል ሰው በመሃል 11 ሰዓት ክፍተት አለ፤ ጠዋት ገብቶ ማታ መነሣት። የሚገኘው ምክር ሁሉ ወይ «ታክሲ ያዝና ፓውሊስታ (የሳኦ ፓውሎ ዋና ጎዳና) ሂድ» ነው፣ ወይ «እዚያው ወንበር ላይ ጋደም በል»። ኤርፖርቱ ያለበት ከተማ ጓሩልዮስ ነው ይላሉ፤ እሱስ የሚታይ ነገር የለውም? ቪዛው፣ ሻንጣው፣ ባቡሩስ? የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልን።

ካርታ_ያዥ፦
ከቦታው እንጀምር፤ ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ኤርፖርቱ ሳኦ ፓውሎ ከተማ ውስጥ አይደለም። ጓሩልዮስ የራሱ ከንቲባ፣ የራሱ አውቶቡስ፣ የራሱ ካቴድራል ያለው ሌላ ከተማ ነው። በ2022ቱ የብራዚል ሕዝብ ቆጠራ 1.29 ሚሊዮን ገደማ ነዋሪ ተቆጥሮበታል፤ በሳኦ ፓውሎ ክፍለ ግዛት ከዋናው ከተማ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) የተቆረቆረው በ1560 ነው፤ ኤርፖርቱ የተከፈተው ደግሞ በ1985፣ ኩምቢካ በሚባለው ሰፈር፣ የአየር ኃይል ጣቢያ ባለበት ሜዳ ላይ። ከሳኦ ፓውሎ መሃል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይርቃል። በ2024 ከ43 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ አስተናግዷል፤ አብዛኛው ግን ኤሊዮ ስሚት የሚባለውን መንገድ ይይዝና ከተማውን ሳያይ ያልፋል።

የአገሩ ሰው ኤርፖርቱን «ኩምቢካ» ይለዋል። ሾፌር «ኩምቢካ ነው?» ካለህ አዎ በል፣ ሌላ ቦታ አይደለም። የሚያደናግሩት ሌሎቹ ሁለቱ ናቸው፦ ኮንጎኛስ (ኮዱ ሲጂኤች) ሳኦ ፓውሎ ከተማ ውስጥ ነው፣ ቪራኮፖስ (ቪሲፒ) ደግሞ ካምፒናስ ከተማ ነው፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ። ቀጣዩ ትኬት ለየብቻ የተገዛ ከሆነ ኮዱ ጂአርዩ (የጓሩልዮሱ) መሆኑን አረጋግጥ። ከጂአርዩ ወርዶ ከሲጂኤች የሚያስነሣ ትኬት ርካሽ የሚሆነው በምክንያት ነው።

ኬላ፦
መውጣት አለመውጣቱን የሚወስነው ቪዛው ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብራዚል ለመግባት ቪዛ ይፈልጋል፤ ኤርፖርት ላይ አይሰጥም፣ አስቀድሞ አዲስ አበባ ካለው የብራዚል ኤምባሲ ወይም በሚኖሩበት አገር ካለው ቆንስላ ይወጣል። የአሜሪካ፣ የካናዳና የአውስትራሊያ ፓስፖርት የያዙ ወገኖችም ከኤፕሪል 10 ቀን 2025 ጀምሮ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ እነሱ በኢንተርኔት ኢ-ቪዛ ማውጣት ይችላሉ። በእስራኤል ፓስፖርትና በአብዛኞቹ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ፓስፖርት ለአጭር ጉብኝት ያለ ቪዛ ይገባል።

ከዓለም አቀፉ የትራንዚት ክልል ለማይወጣ መንገደኛ ቪዛ አይጠየቅም። ወጥመዱ ያለው ሁለት ትኬት ለየብቻ ሲገዛ ነው። ሻንጣው እስከ መጨረሻው መድረሻ ካልተጻፈ፣ ሻንጣውን ለመቀበል ኢሚግሬሽን ማለፍ የግድ ነው፤ ቪዛ የሌለው ሰው ደግሞ ማለፍ አይችልም። እንዲህ ያለው መንገደኛ ብዙ ጊዜ ገና ቦሌ ቼክ-ኢን ላይ ነው የሚታገደው። ስለዚህ ቦሌ ላይ የሻንጣው ወረቀት ላይ የታተመውን የመጨረሻ ኮድ በዓይንህ አንብብ።

ሌላም አለ። ከኦገስት 26 ቀን 2024 ጀምሮ የብራዚል ቪዛ ሳይኖራቸው በትራንዚት የሚያርፉ መንገደኞች ወደ ትኬታቸው መድረሻ እንዲቀጥሉ ወይም እንዲመለሱ ነው የሚደረገው። የቀጣዩን በረራ ወረቀትና የመድረሻውን አገር ቪዛ በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ ስልክ ላይ ብቻ አይሁን፣ ባትሪ ያልቃል።

ሰላም_ከዲሲ፦
@ኬላ ቢጫ ካርዱስ?

ኬላ፦
ብራዚል ለመግባት በአጠቃላይ አትጠይቅም። ስትመለሺ ነው ጉዳዩ፤ ብራዚል ቢጫ ወባ ያለበት አገር ተብላ ስለምትቆጠር ኢትዮጵያ ስትገቢ ካርዱን ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ክትባቱ ጥበቃ የሚሰጠው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በመነሻው ሳምንት የሚወሰድ ነገር አይደለም። እዚያው ጓሩልዮስ ላይም ትርጉም አለው፦ የካንታሬይራ ጫካ በ2017 መጨረሻ ዝንጀሮዎች በበሽታው ሞተው ስለተገኙ ለጎብኚ ተዘግቶ ነበር።

ደቂቃ_ቆጣሪ፦
ስሌቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ስለ ሰዓት አንድ ደስ የሚል ነገር፦ ብራዚል ከእኛ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በ2019 የበጋ ሰዓት መቀየርንም አቁማለች። የሀበሻ ሰዓት ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ይለያል። ስለዚህ በሀበሻ አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ጓሩልዮስ ላይ ሳይነካ ትክክል ይቆጥራል። አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከጠዋቱ 9፡00 ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በብራዚል ሰዓት ነው።

አውሮፕላኑ 7፡00 አረፈ እንበል። ከበር እስከ ኢሚግሬሽን ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ የጠዋቱ ሰልፍ ደግሞ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ከሚገቡት ጋር ይገጥማል። 8፡30 ደጅ መሆን ጥሩ ግምት ነው። ማታ 18፡00 የሚነሣ ዓለም አቀፍ በረራ 15፡00 ላይ ተርሚናል መገኘትን ይጠይቃል። በእጅህ የቀረው 6 ሰዓት ተኩል ነው፣ 11 አይደለም። ክፍተቱ በጠቅላላ 8 ሰዓት ከሆነ የሚተርፈው 3 ሰዓት ተኩል ነው፤ እሱ ለሳኦ ፓውሎ አይበቃም፣ ለጓሩልዮስ ግን ይበቃል። ከ6 ሰዓት በታች ከሆነ አትውጣ።

ቦታ ሳይሆን መንገድ ነው ሰዓቱን የሚበላው። ኤርፖርት እስከ ፓውሊስታ ጎዳና በመኪና ባልተጨናነቀ ሰዓት 45 ደቂቃ ገደማ ነው። ከ17፡00 እስከ 20፡00፣ በተለይ ዓርብ፣ ማርጂናል ቲየቴ በሚባለው የወንዝ ዳር መንገድ ላይ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ከዲሴምበር እስከ ማርች ከሰዓት በኋላ ዶፍ ሲወርድ ያው መንገድ ውሃ ይተኛበታል። ከሳኦ ፓውሎ መሃል ወደ ኤርፖርት በመኪና ከ16፡00 በኋላ መነሣት ቁማር ነው።

ሀዲድ፦
ለዚህ ነው ባቡሩ ያለው። መስመር 13 (ጃዲ ይሉታል) በማርች 2018 ተከፈተ፤ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሦስት ጣቢያ ብቻ፦ ኤሮፖርቶ-ጓሩልዮስ፣ ጓሩልዮስ-ሴካፕ፣ ኤንጄኔይሮ ጉላር። አካሄዱ፦

ከተርሚናል 2 ወይም 3 በቀጥታ ወደ ጣቢያው በእግር አይኬድም። ጣቢያው ያለው በተርሚናል 1 በኩል፣ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ነው፤ ማገናኛው በነፃ ነው። ለዓመታት አውቶቡስ ነበር፤ ኤሮሞቬል የተባለ በአየር ግፊት የሚገፋ ትንሽ ባቡርም ተሠርቶለታል። ምልክቱን ተከተል፣ ገንዘብ የሚጠይቅህ ካለ የጣቢያው ሰው አይደለም።

ጣቢያው ላይ የአንድ ጉዞ ቲኬት ቁረጥ፤ ዋጋው ከ5 ሪያል ትንሽ ከፍ ይላል። ለደርሶ መልስ ሁለት ግዛ፣ ስትመለስ ሰልፍ አትጠብቅም። ኤንጄኔይሮ ጉላር ወርደህ ወደ ብራስ የሚሄደውን መስመር 12 ተሳፈር። የሚቀጥለው ጣቢያ ታቱአፔ ነው፣ ከዚያ ብራስ። ሁለቱም ከቀዩ ሜትሮ (መስመር 3) ጋር ይገናኛሉ፤ ታቱአፔ ላይ ግን በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ወደ ሜትሮው ለመሻገር እንደገና መክፈል ሊመጣ ስለሚችል ብራስ ላይ መለወጥ ይሻላል። ከብራስ እስከ ሴ ጣቢያ ሁለት ፌርማታ ነው፣ እዚያ የሳኦ ፓውሎ ካቴድራል ደጃፍ ትወጣለህ።

ሳትለውጥ በቀጥታ ሉስ እና ባራ ፉንዳ የሚባሉት የሳኦ ፓውሎ ጣቢያዎች የሚያደርስ «ኤስፕሬሶ ኤሮፖርቶ» የሚባል ባቡርም አለ፤ ሲገጥም ያዘው፣ ለእሱ ብለህ ግን ብዙ አትጠብቅ። ባቡሩ የሚሠራው ከ4፡00 እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ሌሊት 1፡00 ላይ የሚያርፍ ሰው ባቡር አለ ብሎ እንዳያስብ።

የአውቶቡስ ወዳጅ ካለ፣ ቁጥር 257 ኤርፖርቱን ከታቱአፔ ሜትሮ ጋር ያገናኛል። የተጓዥ ሻንጣ የሚጭነው ባለ ወንበር የኤርፖርት አውቶቡስ ሌላ ነው፣ ዋጋውም ብዙ እጥፍ ነው።

ሰላም_ከዲሲ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ 6 ሰዓት ተኩል ያለው ሰው ጓሩልዮስ ላይ ምን ይሠራል? የኢንዱስትሪ ከተማ ነው፤ ዱትራ አውራ ጎዳና፣ መጋዘን፣ ፋብሪካ። እሑድ ከሆነ ፓውሊስታ ለመኪና ዝግ ነው፣ ሰው ሁሉ መንገዱ ላይ ነው፣ ሙዚቃው፣ ምግቡ። እሱን ትቶ?

ጡብ_በጡብ፦
@ሰላም_ከዲሲ እሑድ ከሆነና ሰዓቱ ከበቃ አንከራከርም፣ ፓውሊስታ። «ምንም የለውም» የሚለው ግን ልክ አይደለም። ኤርፖርቱ ጣቢያ ገብተህ አንድ ፌርማታ ብቻ ሂድ፣ ሴካፕ ላይ ውረድ። ከጣቢያው አጠገብ ያለው የመኖሪያ መንደር ከ1967 ጀምሮ በቪላኖቫ አርቲጋስ፣ በፋቢዮ ፔንቴያዶና በፓውሎ ሜንዴስ ዳ ሮሻ የተነደፈ ነው። ዳ ሮሻ በ2006 የፕሪትዝከር ሽልማት የተሰጠው አርክቴክት ነው። ለሠራተኛ ቤተሰብ ተብሎ የታቀደ፣ ከታቀደው ግማሹ እንኳ ያልተሠራ። ሕንጻዎቹ በምሰሶ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ሦስት ፎቅ ብቻ፣ ሊፍት የለም፤ በሕንጻዎቹ ሥር ሰው ያልፋል፣ መኪና ይቆማል፣ ልጆች ይጫወታሉ። ኮንዶሚኒየሞቹ የተሰየሙት በብራዚል ክፍለ ግዛቶች ስም ነው። የእኛን የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም የሚያጠና ሰው ሊያየው የሚገባ ነው፦ የምድሩን ወለል ለጋራ መገልገያ መተው፣ የውስጥ ግድግዳን በየቤቱ እንደፈለጉ እንዲያዘዋውሩት ቀላል ማድረግ።

ሰው የሚኖርበት ነው፣ ሙዚየም አይደለም። በሕዝብ መንገዱ ሂድ፣ ወደ መስኮት ካሜራ አታንሣ፣ አጥር ካለበት አትግባ። አንድ ሰዓት ይበቃል። የጓሩልዮስ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ መናኸሪያም እዚያው ሰፈር ነው።

ቅጠል፦
አረንጓዴ ለሚፈልግ ቦስኪ ማያ አለ። ፓውሎ ፋቺኒ ጎዳና ላይ ነው፤ የከተማው ዋና መናፈሻ፣ ጥላው ጥሩ፣ መግቢያው ነፃ። ከኤርፖርት በመኪና ሃያ ደቂቃ፣ በተጨናነቀ ሰዓት እስከ አርባ። ከማያ በእግር ግማሽ ሰዓት ገደማ ብትወርድ የመሃል ከተማው ካቴድራል (ቴሬዛ ክሪስቲና አደባባይ) ትደርሳለህ፤ ከጎኑ ዶም ፔድሮ ሁለተኛ የሚባለው የእግረኛ የገበያ መንገድ አለ። ጫማ፣ ልብስ፣ የስልክ ዕቃ ነው የሚሸጠው፤ ለቱሪስት ያልተሠራ ገበያ ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ቪላ ጋልቫው ሰፈር የዳክዬ ሐይቅ የሚሏት ኩሬም አለች፤ ቆንጆ ናት፣ ግን ለእሷ ብቻ ተብሎ አይኬድም።

ካቡሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የካንታሬይራ ክፍለ ግዛታዊ ፓርክ የጓሩልዮስ በር ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለሳኦ ፓውሎ ውሃ እንዲያቀርብ የተሠራ የኮንክሪት ግድብ፣ ጫካ፣ የእግር መንገዶች። ከሁሉም እሱ ይበልጣል ባይ ነኝ። ነገር ግን በትራንዚት አይሞከርም፤ በአውቶቡስ ረጅም ነው፣ በመተግበሪያ ታክሲ ሄደህ ስትመለስ ኔትወርኩ ደካማ ስለሚሆን መኪና መጥራት ያስቸግራል። አንድ ሌሊት ለሚያድር ብቻ። ረጅም ሱሪና የትንኝ መከላከያ ያስፈልጋል።

ኦገስት ላይ የሚገኝ ሰው ደግሞ ቦንሱሴሶ ሰፈር ያለውን የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን በዓል ይጠይቅ። ካርፒሳው ይሉታል፤ ምእመኑ ከቦታው አፈር እያነሣ የሚሸከምበት ሥርዓት ነው። ጸበልና እምነት ለምናውቅ እኛ እንግዳ አይሆንብንም።

መንገደኛ_11፦
ሁላችሁም ተባረኩ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ሻንጣና ምግብ። ጾም ላይ ይገጥማል።

ሻንጣ_ሙሉ፦
ሻንጣ። እስከ ሳንቲያጎ ከተጻፈ አትነካውም። ወደ ሌላ የብራዚል ከተማ የሚቀጥል ሰው ግን፣ ትኬቱ አንድ ቢሆንም፣ ጂአርዩ ላይ ሻንጣውን ተቀብሎ ጉምሩክ አልፎ እንደገና ያስረክባል። ይህን የማያውቅ ሰው ሻንጣው ቀበቶው ላይ ሲዞር ይውላል። ለእንዲህ ያለው ግንኙነት ከ3 ሰዓት ያነሰ አትግዙ። ለጥቂት ሰዓት ማስቀመጫ «ጓርዳ ቮሉሚስ» ብለህ ጠይቅ፤ ተርሚናሉ ውስጥ አለ፣ በሎከር ነው።

ተርሚናል 2 እና 3 በውስጥ በእግር ይገናኛሉ። ተርሚናል 1 ለብቻው ነው፣ የውስጥ አውቶቡስ ያስፈልጋል። ከ2015 መጨረሻ በፊት ቁጥሮቹ ሌላ ስለነበሩ የድሮ ጽሑፍ ላይ «ተርሚናል 4» ካያችሁ የዛሬው 1 ማለት ነው።

ጉምሩክ ላይ የሚያዘው፦ ቋንጣ፣ በቤት የተነጠረ ቅቤ፣ አይብ፣ ማር፣ ጥሬ እህልና ዘር። ጥሬ ቡናም እንደ ዘር ይቆጠራል፤ ወደ ብራዚል ጥሬ ቡና መውሰድ ለቀባሪው ማርዳት ስለሆነ ይቅር። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ማስመዝገብ ግዴታ ነው።

ሰታቴ፦
ጾም ላይ ብራዚል አይከብድም፣ ግን ማወቅ ያለብህ አለ። የዕለት ምግባቸው ሩዝና ቦሎቄ ነው፤ ቦሎቄው ግን ብዙ ቦታ በአሳማ ስብ ወይም በቋሊማ ነው የሚበስለው፣ ሲያዩት አይታወቅም። «ፌይጃው ተይን ካርኒ?» (ቦሎቄው ሥጋ አለበት?) ብለህ ጠይቅ። የሚሻለው «ፖር ኪሎ» የሚባለው ቤት ነው፦ ከተዘረጋው ምግብ ራስህ ታነሣለህ፣ ሚዛን ላይ ይመዘናል፣ በግራም ትከፍላለህ። ሰላጣ፣ ቀይ ሥር፣ የተጠበሰ ካሳቫ፣ ጎመን፣ ሩዝ፣ የዘንባባ ልብ፤ ጾመኛ እዚያ ይጠግባል። ጎመኑ ላይ ግን ቤከን ይጥሉበታል፣ አማስለህ እይ። 14፡30 ካለፈ ምሳው ይነሣል ወይም የቀረው የደረቀ ነው።

በየቡና ቤቱ የምታየው ፓው ጂ ኬጁ አይብ ያለበት ዳቦ ነው፣ ለጾም አይሆንም። ፓስቴል የሚባለውን ጥብስ ፓልሚቶ (የዘንባባ ልብ) ያለበትን ምረጥ፤ ብዙ ቦታ አይብ ስለሚቀላቅሉበት እሱንም ጠይቅ። የሸንኮራ ጭማቂ (ካልዱ ጂ ካና) ከሎሚ ጋር ሳትጠጣ አትሂድ። ጾም ካልሆነ ደግሞ ረቡዕና ቅዳሜ ሳኦ ፓውሎ ዙሪያ የፌይጆዋዳ (የአሳማ ሥጋ ያለበት የቦሎቄ ወጥ) ቀን ነው፤ በደንብ የተሠራ ከበላህ በኋላ ግን የትም አትጎበኝም።

ሶኬት፦
ጥቂት ልጨምር። መብራቱ ጓሩልዮስ ላይ በአብዛኛው 127 ቮልት ነው። ስልክ ቻርጀርና ላፕቶፕ ችግር የለባቸውም፣ ከ100 እስከ 240 ይላሉ። የእኛ አገር የውሃ ማሞቂያና የፀጉር ማድረቂያ ግን ከጉልበቱ ሲሶውን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ተበላሸ ብለህ አትጣል። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ያለው የራሳቸው ዓይነት ነው፤ ቀጭኑ ባለ ሁለት እግር ሹካ ይገባል፣ ወፍራሙ ክብ አይገባም።

ገንዘብ፦ ጥቂት ሪያል ብቻ ያዝ። ካርድ ካለ ፓስቴል ሻጩ ድረስ በማስጠጋት ይቀበላል። አገሬው የሚከፍልበት ፒክስ የአገሪቱ የባንክ ሂሳብ ስለሚፈልግ ለአላፊ መንገደኛ አይሆንም። የስልክ ሲምም የግብር ቁጥር (ሲፒኤፍ) ይጠይቃል፤ ኢ-ሲም ከመነሣትህ በፊት ግዛ።

ኬላ፦
ታክሲን ማንም አላነሣም። ከጉምሩክ በር ሲወጡ «ታክሲ፣ ኡበር» እያለ የሚጠጋ ሰው ካለ አልፋችሁ ሂዱ። የኤርፖርቱ ሕጋዊ ታክሲ ማኅበር ጓሩኮፕ ነው፤ በባንኮኒው መድረሻህን ነግረህ ቀድመህ ከፍለህ ደረሰኝ ይዘህ ትገባለህ። ኡበርና 99 የሚባሉት የመተግበሪያ ታክሲዎች ይረክሳሉ፤ ሰሌዳውን ከመተግበሪያው ጋር አመሳክሩ። ስልክ በእጅ ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ካርታ ማየት ጓሩልዮስም ሆነ ሳኦ ፓውሎ ላይ አይደረግም፤ በብስክሌት አልፎ ይነጥቃል። ሱቅ ገብታችሁ እዩ። ሉስ ጣቢያ አካባቢ ከመሸ በኋላ በእግር አትሂዱ።

መንገደኛ_11፦
ገባኝ። ጁላይ ላይ ስለሆነ፣ ጃኬት ያስፈልጋል?

ካርታ_ያዥ፦
አዎ፤ ጁን፣ ጁላይና ኦገስት የእነሱ ክረምት ነው። ጠዋት 10፣ 12 ዲግሪ ይወርዳል፣ ቀትር ላይ ሸሚዝ ይበቃል። ኩምቢካ ላይ በእነዚህ ወራት ጠዋት ጉም ይተኛል፤ ጉሙ ሲከብድ በረራ ወደ ቪራኮፖስ ወይም ወደ ሪዮ ሊዞር ይችላል። የጠዋቱ ማረፊያ በአንድ ሁለት ሰዓት ከዘገየ ፓውሊስታን ተውና ሴካፕና ቦስኪ ማያን ያዝ። ከሴካፕ ወደ ማያ በባቡር አይኬድም፣ በመተግበሪያ ታክሲ ነው፤ ከማያ ቀጥታ ወደ ተርሚናሉ ተመለስ።

አውሮፕላን ማየት የሚወድ ካለ ደግሞ ከኤርፖርቱ አጥር አጠገብ ሞሪንዮ የሚሏት ጉብታ አለች፤ ፎቶ አንሺዎች የሚሰበሰቡባት። ቅዳሜና እሑድ ሰው ስለማይጠፋባት ያኔ ይሻላል፤ ከአንዱ ማኮብኮቢያ (3,700 ሜትር ነው፣ ሌላው 3,000) የሚነሡት ከባባዶቹ በደንብ ይታያሉ።